የማጣቀሻ ታሪክ፤ ከቡታጅራ መዝገብ እስከ ድረ ገጽ

አንድን ነገር ከብዙዎች መካከል ለይቶ ለመያዝ ስም ብቻ እንደማይበቃ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1986 በጀመረው በዚህ ፕሮግራም፣ በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ የሚኖረው ሕዝብ ተቆጥሮ ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ተሰጠው። ይሁን እንጂ መዝገቡ በቁጥር ብቻ የሚቆም አልነበረም። መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን ካልጨመሩ፣ የሞተውንና የለቀቀውንም ካልሰረዙ፣ ቁጥሩ ወደ ባዶ ቤት ይመራል፤ የሞት መጠን ስሌትም ይዛባል።

በድረ ገጽ ሥራም ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። ፌስቡክ ሪአክት የተባለውን የሥራ ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ክፍት ሲያደርግ ዋናው ሐሳብ፣ ባለሙያው የገጹን መልክ እንዲገልጽ፣ የማደሱን ተግባር ግን ማዕቀፉ እንዲፈጽም ነበር። ሆኖም ጠቋሚውን በመጻፊያ ሳጥን ውስጥ ለማኖር ወይም የአንድን ክፍል ስፋት ለመለካት ክፍሉን ራሱን መያዝ ያስፈልጋል። «ሬፍ» የተባለው ማጣቀሻ የሚያገለግለው ለዚህ ነው።

ማጣቀሻው በመጀመሪያ በፊደል የሚጻፍ ስም ነበር። ስሙ የየትኛው ኮምፖነንት እንደሆነ መከታተል ግን ለማዕቀፉ አስቸጋሪ ሆነ። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2015 ክፍሉን በቀጥታ የሚረከብ ፈንክሽን፣ በ2018 «ክሪየትሬፍ»፣ በ2019 ደግሞ «ዩዝሬፍ» ተከታትለው መጡ። በስም የመጥራቱ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 19ኛው ሪአክት ፈጽሞ ተወገደ።

ዘዴው ቢለዋወጥም ሕጉ ጸንቷል። ክፍሉ በገጹ ላይ ከመተከሉ በፊት ማጣቀሻው ባዶ ነው፤ ክፍሉ ሲነሣም ማዕቀፉ መልሶ ባዶ ያደርገዋል። ባለሙያው ክፍሉን በሌላ ስፍራ ቀድቶ ካስቀመጠ ግን ይህ ጥበቃ ይቀራል። ትእዛዙ ከገጹ ወደ ተነሣው ክፍል ይሄዳል፤ ተጠቃሚው ለውጥ አያይም፤ ብዙ ጊዜም የስሕተት ማስታወቂያ አይወጣም። የዝምታው አደጋ ሳይታረም በቀረ መዝገብ ላይ ከሚደርሰው ጋር አንድ ነው።

ስለዚህ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሙያ የሚማረው ወጣት ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ከሆነችው ከቡታጅራ ታሪክ የሚቀስመው ቁም ነገር አለ። ማጣቀሻን መስጠት ቀላል ነው፤ ከእውነቱ ጋር አስማምቶ መጠበቅ ግን የማያቋርጥ ትጋት ይጠይቃል።