ከኮሶ እስከ ጥምር ክኒን

የአባይን ምንጭ ፍለጋ በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ አገው ምድር የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ባለው መቶ ዓመት የኮሶ አበባ ባሕር ተሻግሮ የእንግሊዝን ጨምሮ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ሰፈረ። አገር ቤት ግን ኮሶ እየተፈራ የሚጠጣ መድኃኒት ነበር፤ ትሉን ያስወጣል፣ ሲበዛ ደግሞ አቅም ያሳጣል፣ ፅንስ ያስወርዳል፣ ዓይን ይጎዳል። ስለዚህ ሰው የሚጠይቀው ኮሶ ተፈቅዷል ወይ ብሎ አልነበረም። የሚጠይቀው ስንት እፍኝ፣ ለማን፣ በማን እጅ ብሎ ነበር። ኮሶበርም በምትባለው በእንጅባራ ዛሬ ወገቡን ይዞ ፋርማሲ የሚገባ ሰው ጥያቄ ግን ተገልብጧል፤ ጡንቻ የሚያላላውና ሕመም የሚያስታግሰው በአንድ ክኒን የተቀላቀለለት መድኃኒት ሕጋዊ መሆኑ ከተነገረው ሌላውን አይጠይቅም። ሕጋዊነት የዘመን ፍርድ መሆኑን የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ታሪክ በሚገባ ያሳያል።

ካሪሶፕሮዶል የተባለው ጡንቻ አላይ በ1959 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገበያ ላይ ወጣ። ብቻውንም ሆነ 200 ሚሊግራሙ ከ325 ሚሊግራም አስፕሪን ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ ነበር። ሰውነት ይህን መድኃኒት ወደ ሜፕሮባሜት ይለውጠዋል፤ ሜፕሮባሜት ደግሞ ሱስ የሚያስይዝ ማረጋጊያ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሜፕሮባሜትን በ1970 በቁጥጥር ሥር አዋለ፣ በሰውነት ውስጥ ወደ እርሱ የሚለወጠውን ካሪሶፕሮዶልን ግን እስከ ጥር 2012 እ.ኤ.አ. በነፃ ለቀቀው። አርባ ዓመት ያህል ልጁ ታስሮ ወላጁ ሲፈነጭ ኖረ ማለት ነው። በመካከሉ የአውሮፓ መድኃኒት ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ብሎ ከገበያ እንዲታገድ መከረ። በየካቲት 2025 ደግሞ ይኸው ካሪሶፕሮዶል ታፔንታዶል ከተባለ ኃይለኛ ማስታገሻ ጋር የተቀላቀለበት ክኒን ከሕንድ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሲጎርፍ ቢቢሲ አጋለጠ፤ የሕንድ መንግሥትም ምርቱንና ወደ ውጭ መላኩን አገደ። ያው መድኃኒት ነው፤ የተለዋወጠው ፍርዱ ነው።

የእኛ ሕግ በበኩሉ ዓይኑን ይበልጥ በሻጩ ላይ ተክሎ የቆየ ይመስለኛል። በ1956 ዓ.ም. ከወጣው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 176/1991 እና 661/2002 አልፎ፣ አሁን እስካለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ድረስ ማን ይሸጣል፣ በምን ፈቃድ የሚለው በጥንቃቄ ተጽፏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የገበያ ቀን መሬት ላይ ዘርግቶ ክኒን የሚቸረችረውን ከባለሙያው የለየው ይኸው ሕግ ነው። ነገር ግን ፈቃድ ካለው ቤት የተገዛ ክኒን የገዢውን ሆድ ዕቃ አያውቅም። ኦርፌናድሪን የተባለ ጡንቻ አላይ 35 ሚሊግራም ከፓራሲታሞል 450 ሚሊግራም ጋር የተቀላቀለበትን የተለመደ ክኒን እንውሰድ። ሁለት ሁለት እያለ በቀን ሦስት ጊዜ የሚውጥ ሰው 2,700 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ያገኛል። ጋብ አላለልኝም ብሎ ባለ 500ውን ፓራሲታሞል ሁለት ሁለት እያደረገ ሦስቴ ቢጨምርበት 5,700 ይደርሳል፣ የአዋቂ የቀን ጣሪያ ደግሞ 4,000 ነው። ሁለቱም መድኃኒቶች ሕጋዊ ናቸው፤ ጉበቱ ግን ይህን አይጠይቅም።

በእንጅባራ ዙሪያ የአዊ ገበሬ ድንች ሲቆፍርና ሲሸከም፣ የፋግታ ለኮማው ከሰል አክሳይ ግንድ ሲያነሳ ውሎ ወገቡ ቢያዝ ሐኪም አይተህ ወረቀት ይዘህ ና ማለት ማስታገሻ እንደ መከልከል ነው የሚል ሙግት አለ። እውነት አለው። ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸትም ሁሌ ከአደጋ ነፃ አይደለም፣ የተሰበረ አጥንት እንደ ወለምታ ታሽቶ ይብሳል። ሌላው ሙግት የሁለት መድኃኒቶች አነስ ያለ መጠን ከአንዱ ብዙ መጠን ይሻላል ይላል፤ ይህም ለጥቂት ቀን ሕመም ያስኬዳል። ሁለቱም ሙግቶች ግን የሚከራከሩት መድኃኒቱ ይገኝ ብለው ነው፤ ሳይጠየቅ ይሰጥ የሚል ከእነርሱ አይወጣም። ባለሙያው ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፦ ሌላ ምን ትወስዳለህ፣ ሽንት ያስቸግርሃል፣ የዓይን ግፊት አለብህ? ኦርፌናድሪን የፕሮስቴት እብጠት ላለበት ሽማግሌ ሽንት ሊዘጋበት፣ ግላኮማ ላለበት ዓይኑን ሊያባብስበት ይችላል። ክሎርዞክሳዞን የተባለ ሌላ ጡንቻ አላይ ያለበት ቅልቅል ደግሞ አልፎ አልፎ ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል።

በመጋቢት 2025 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ካሪሶፕሮዶልን ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት የ1971ዱ የሳይኮትሮፒክ ስምምነት አራተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ እንዲገባ ወሰነ። ሜፕሮባሜት ቀድሞውኑ እዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ነበር። ኦርፌናድሪንና ክሎርዞክሳዞን ግን ከዚህ ውሳኔ ውጭ ናቸው፤ ስለ ፕሮስቴቱና ስለ ጉበቱ የሚጠይቅ ልዩ የማዘዣ ወረቀት የላቸውም፣ ያለው መስኮቱ ጀርባ የቆመው ፋርማሲስት ነው።