139 ሲቀነስ 109

አስተማሪ ክፍል ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ስም መጥራት ነው። የተጠራው «አቤት» ይላል። ያላለው ደግሞ ይጠየቃል፤ የት ሄደ? ለምን ቀረ? በሰሜን ዩጋንዳ አንዲት ጣሊያናዊት መነኩሴ ይህንን ተራ የትምህርት ቤት ሥራ ይዘው ጫካ ገቡ፤ ከዚያም ለዓመታት ሳይተዉት ቆዩ። ሲስተር ራኬሌ ፋሴራ ይባላሉ።

ዕለቱ መስከረም 29 ቀን 1989 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 9 ቀን 1996። ዩጋንዳ የነጻነት በዓሏን ያከበረችበት ቀን ነው። በላንጎ ምድር፣ አቦኬ በምትባል ስፍራ፣ ቅድስት ማርያም ኮሌጅ የተሰኘ የሴቶች አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። የሚያስተዳድሩት የኮምቦኒ ሚስዮናውያን እህቶች ነበሩ። ኮምቦኒ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ አንባቢም አዲስ አይደለም፤ ሐዋሳ ላይ በዚሁ ስም የሚታወቅ ትምህርት ቤት አለ።

አካባቢው በጆሴፍ ኮኒ ታጣቂዎች ሥጋት ውስጥ ነበር። ራሱን «የጌታ ተከላካይ ጦር» ብሎ የሚጠራው ይህ ቡድን መንደር ያቃጥላል፣ ልጆችን እያፈነ ወንዱን ወታደር፣ ሴቷን የአዛዥ «ሚስት» ያደርጋል። መነኮሳቱ የመንግሥት ጥበቃ ጠይቀው ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን ወታደር አልነበረም። የመኝታ ክፍሎቹ የብረት በር ይከላከላል ተብሎ ነበር የታሰበው። ታጣቂዎቹ ግን በመስኮት በኩል ሰብረው ገቡ። ሲነጋ 139 ተማሪዎች አልነበሩም።

ሲስተር ራኬሌ ምክትል ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ጦሩ እስኪደርስ አልጠበቁም። ጥቂት ገንዘብ ያዙ፤ ቦስኮ ኦቼን የተባለ የትምህርት ቤቱ መምህር አብሯቸው ወጣ፤ ሁለቱ በእግር ተከተሉ። መንገዱን ያሳያቸው ታጣቂዎቹ እየበሉና እየጠጡ የጣሉት የከረሜላ ወረቀትና የለስላሳ ጠርሙስ ነበር።

ደረሱባቸውም። ገንዘቡን ሲያቀርቡ አዛዡ አልፈልግም አለ። ያን ቀን የመንግሥት ሄሊኮፕተር ከላይ ሲመጣ ሁሉም አብረው ተደበቁ። በመጨረሻ አዛዡ እንጨት አንስቶ መሬት ላይ ቁጥር ጻፈ። ልጆቹ 139 ናቸው፤ 109ኙን ውሰጂ፣ 30ዎቹ ግን ከእኔ ጋር ይቀራሉ። መነኩሴዋ ተንበርክከው ለመኑት። እኔን አስቀርና ልጆቹን ልቀቅ አሉት። አልሆነም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መናገር ይከብዳል። እንዲቀሩ ከተለዩት አንዷ ሹልክ ብላ ከሚለቀቁት መሀል ገብታ ነበር። ታጣቂዎቹ ቁጥር መጉደሉን ካወቁ አንዲትም ልጅ ላይለቀቅ ነው። ስለዚህ ሲስተር ራኬሌ ያችን ልጅ በስሟ ጠርተው ወደ ሠላሳዎቹ እንድትመለስ መንገር ግድ ሆነባቸው። ልጅቷም ተመለሰች።

በየትኛውም መንግሥት መግለጫ ቢሆን ይህ «የተሳካ ዘመቻ» ይባል ነበር። ባዶ እጇን የወጣች መነኩሴ ያለ አንድ ጥይት 109 ልጆች ይዛ ስትመለስ ማን ቅር ይለዋል? ሲስተር ራኬሌ ግን የቀሩትን 30 ይቆጥሩ ነበር። የልጆቹን ስም ይዘው ባለሥልጣን ደጅ ጠኑ፤ ታጣቂዎቹ መሸሸጊያ ወዳገኙባት ሱዳን ድረስም ተጓዙ።

ወላጆቹም አልተኙም። ሴት ልጃቸው ከሠላሳዎቹ አንዷ የሆነችባቸው አዋላጅ ነርስ አንጀሊና አትያም ከሌሎች ወላጆች ጋር ማኅበር አቋቋሙ። የእናትየው ድምፅ እየጎላ ሲሄድ ታጣቂዎቹ መልእክት ላኩባቸው። ዝም በይና ልጅሽን እንመልስልሽ የሚል ነበር። እሳቸው ግን የተያዙት ሁሉ ካልተለቀቁ አልቀበልም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ሽልማትን ከተቀበሉት አንዷ ሆኑ። ልጃቸው ግን አምልጣ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆይታ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ኮኒ የወሰዳቸው ልጆች ከ20 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ታዲያ ዓለም የአቦኬን ሠላሳ ልጆች ለይቶ ለምን ሰማ? ፈረንጅ መነኩሴ ስለነበረችላቸው? የታወቀ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ስለሆኑ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በከፊል አዎ ነው። ከየማሳውና ከየመንገዱ የተወሰደው የገበሬ ልጅ ስም የሰፈረበት መዝገብ አልነበረም። የወላጆቹ ማኅበር «የእኛ ሠላሳዎች» ብሎ ሳይወሰን ሁሉም ይመለሱ ማለቱ ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው።

ያልተጠሩት ምን እንደሆኑ ለማየት የዶሚኒክ ኦንግዌንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ታፈነ፤ ጫካ አደገ፤ የኮኒ አዛዥ ሆነ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 በጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ 25 ዓመት ፈረደበት። ዓለም ስሙን የሰማው ተጠልፎ በጠፋበት ጊዜ አይደለም፤ በተከሳሽነት ሲጠራ ነው።

ከሠላሳዎቹ ብዙዎቹ በየጊዜው አምልጠው፣ አንዳንዶቹም ልጅ ታቅፈው ወጡ። በጫካ ሞተው የቀሩም አሉ። የመጨረሻዋ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ከ12 ዓመት በላይ ቆይታ። እስከዚያ ድረስ መዝገቡ አልተዘጋም ነበር ማለት ነው።

አቦኬ ከሆነ ከ18 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2014 በናይጄሪያ ቺቦክ 276 ተማሪዎች ሲታፈኑ ዓለም እንደ አዲስ ደነገጠ። እገታ የዕለት ዜና በሆነበት አገር ሁሉ ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንደኛው «አብዛኞቹ ተለቀዋል» ይላል፤ ዜናው እዚያ ላይ ያልቃል። ሁለተኛው ደግሞ የቀሩት እነማን ናቸው ብሎ ይጠይቃል። ሲስተር ራኬሌ 109 ልጆችን አስመልሰው እንኳ ከሁለተኛው ጥያቄ አልወጡም። መነኩሴዋን ማስታወስ የሚፈልግ ሰው ይህንን ጥያቄ በየአገሩ፣ በየመግለጫው ማግስት መጠየቅ ይችላል።