አንታር፦ በሐበሻዊት እናት ልጅ ስም የተጠራው ግዙፍ መኪና

የብሪታንያ ጦር ለብዙ ዓመታት ታንክ ሲያመላልስበት የኖረ አንድ ግዙፍ መኪና አለ። «ቶርኒክሮፍት ማይቲ አንታር» ይባላል፤ «ኃያሉ አንታር» እንደ ማለት ነው። አፍንጫው ረጅም፣ ጎማው ሰው ደረት ድረስ የሚመጣ፣ ብቻውን 20 ቶን ገደማ የሚመዝን ጎታች ነው። ዛሬ ጦር ሠራዊት ውስጥ አታገኙትም። የቀሩት ጥቂቶቹ በሙዚየምና በግለሰቦች ግቢ ነው ያሉት፤ ባለቤቶቻቸውም ቅዳሜና እሑድን ከሻንሲው ሥር ተኝተው፣ ፊታቸው በግራሶ ተለውሶ የሚያሳልፉ ሰዎች ናቸው።

እኔን መጀመሪያ የሳበኝ ሞተሩ ነበር። ቆይቼ ግን «ለመሆኑ አንታር ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ያልጠበቅኩት ሆነ።

አንታራ ኢብን ሸዳድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከእስልምና በፊት፣ በዐረቢያ የኖረ ባለቅኔና ጦረኛ ነው። አባቱ የአብስ ጎሣ ሰው ነበር። እናቱ ዘቢባ ደግሞ በባርነት የተያዘች ሐበሻዊት ነበረች። በዘመኑ ልማድ ከእንዲህ ዓይነት እናት የተወለደ ልጅ፣ አባቱ «ልጄ ነው» ብሎ ካልተቀበለው፣ እሱም እንደ እናቱ ባሪያ ሆኖ ይቀር ነበር። አንታራ ነፃነቱን ያገኘው በጦር ሜዳ ባሳየው ጀግንነት እንደሆነ ይተረካል። ሙዓለቃት ከሚባሉት ዝነኛ የጥንት ዐረብኛ ግጥሞች አንዱ የእሱ ነው፤ ጀብዱውም በመካከለኛው ምሥራቅ በየቡና ቤቱ ሲተረክ የኖረ ረጅም ተረት ሆኗል።

እና የእንግሊዝ መኪና ከዚህ ሰው ጋር ምን አገናኘው? ነገሩ ነዳጅ ነው። መኪናው በ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሠራ ለጦር ታስቦ አልነበረም። የኢራቅ ፔትሮሊየም ኩባንያ ድፍድፍ ነዳጅን ከኪርኩክ ተነሥቶ፣ በረሃ አቋርጦ፣ በሶርያ ባንያስ የሜዲትራንያን ባሕር የሚያደርስ ቧንቧ ያስዘረጋ ነበር። ረጃጅምና ከባድ የብረት ቧንቧዎችን መንገድ በሌለበት አሸዋ ላይ የሚያደርስ ጎታች አስፈለገ። በዚያ አገር «ኃያል» ለማለት ከአንታር የተሻለ ስም አልነበረም። ጦሩ መኪናውን አይቶ የወደደው በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ፤ እሱም የራሱ የዘር ሐረግ አለው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረው የሮልስ ሮይስ «መርሊን» ሞተር ነው። 12 ሲሊንደር፣ 27 ሊትር። ይኸው ሞተር ሱፐርቻርጀሩ ወጥቶለት ለታንክ ሲዘጋጅ «ሜቲዮር» ተባለ፤ ሥራውም በጦርነቱ መካከል ወደ ሮቨር ኩባንያ ተዛወረ። ሮቨር ደግሞ ከ12ቱ ሲሊንደር አራቱን ቀንሶ «ሜቲዮራይት» የሚባል ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ሠራ። አንታር ላይ የተገጠመው የዚህ የናፍጣ ዓይነት ነው።

ይህን ማመን ያቃተው ሰው በስሌት ማረጋገጥ ይችላል። የመርሊን አንድ ሲሊንደር ስፋቱ 13.7 ሴንቲ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 15.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ይዘቱን ስታሰሉ ወደ 2.25 ሊትር ይመጣል። በ12 ስታባዙት 27፣ በ8 ስታባዙት 18። የአንታር ሞተርም 18 ሊትር ነው። አውሮፕላኑና መኪናው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ታዲያ መርሊን ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ሲሰጥ የአንታር ሞተር ለምን 250 ብቻ ይሰጣል? ሲሊንደሩ ስላነሰ ብቻ አይደለም። የአንታሩ አየር በግድ የሚያስገባለት ሱፐርቻርጀር የለውም፣ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ አይሄድም፣ ሥራውም ለጥቂት ደቂቃ መዋጋት ሳይሆን ቀኑን ሙሉ መጎተት ነው። መሐንዲስ ጉልበት ሲቀንስ ዕድሜ ይገዛል።

የሚያስቀው ደግሞ ይሄ ነው። አንታር የሚሸከመው ሴንቱሪየን ታንክ ሞተሩ ባለ 12 ሲሊንደሩ ሜቲዮር ነው። ስለዚህ ታናሽ ወንድም ታላቁን አዝሎ ይሄዳል!

«ታንኩ ራሱ መሄድ አይችልም እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። ይችላል፤ ግን ያስከፍላል። ሴንቱሪየን ከ50 ቶን በላይ ይመዝናል፤ የመጀመሪያዎቹ በአንድ ሙሌት ቤንዚን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር የሚሄዱት። የብረት ሰንሰለቱ በየኪሎ ሜትሩ ያልቃል፣ አስፋልቱንም ያርሰዋል። በሰሜን አፍሪካ በረሃ በ1940ዎቹ የተዋጉ ጦሮች ይህን በመከራ ተማሩት። እንግሊዞች ከአሜሪካ ያስመጡት «ዳይመንድ ቲ 980» የተባለ ጎታች፣ 14.7 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ታንክ እስከ ግንባር እያደረሰ የተሰበረውን ደግሞ ይዞ ይመለስ ነበር። በጋራዥ ተጠግኖ የተመለሰ ታንክ እንደ አዲስ ታንክ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የበረሃው ጦርነት ዕጣ በከፊል በነዚህ ዘገምተኛ መኪኖች ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አንታር የዳይመንድ ቲ ተተኪ ነው።

እስቲ አንድ ዳገት አብረን እንውጣ። መኪናው፣ ተሳቢውና ጭነቱ በድምሩ 100 ቶን ናቸው እንበል። ዳገቱ በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር ይወጣል። ክብደቱ ወደ ኋላ የሚስበው 100,000 × 9.8 ÷ 20፣ ማለትም 49,000 ኒውተን ነው። መንገዱ ጠጠር ስለሆነ የጎማው ተቃውሞ የክብደቱ 2 በመቶ ነው ብንል 20,000 ገደማ ይጨምራል። ድምሩ 69,000። የሞተሩ 250 የፈረስ ጉልበት 186 ኪሎ ዋት ነው፤ በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነውን ስንቀንስ ጎማው ጋ 150 ኪሎ ዋት ደረሰ እንበል። 150,000ን ለ69,000 ስታካፍሉ በሰከንድ 2.2 ሜትር፣ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሶምሶማ የሚሮጥ ልጅ ያልፈዋል! ግን ይወጣል፤ ለዚህም ነው ባለ 4 ማርሹ ካምቢዮ ከኋላው ባለ 3 ማርሽ ሌላ ካምቢዮ ተጨምሮለት 12 አማራጭ የተሰጠው።

ጉልበት ብቻ ግን አይበቃም፤ ጎማው መሬቱን መጨበጥ አለበት። የሚነዱት ጎማዎች ላይ 20 ቶን ቢያርፍ በደረቅ መንገድ 118,000 ኒውተን ያህል ሳይንሸራተቱ ሊገፉ ይችላሉ። በጭቃ ግን ይህ በግማሽ ወርዶ 59,000 ይሆናል። ከላይ ያሰላነው 69,000 ነበር፤ ስለዚህ ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። ከባድ ጎታቾች ጀርባቸው ላይ ሆን ተብሎ ብረት ወይም ኮንክሪት የሚጫነው ለዚህ ነው። ለሌላው መኪና ሸክም የሆነው ክብደት ለነሱ ሥራ ነው።

የተቀበረ ታንክ ማውጣትም ተመሳሳይ ብልሃት ይፈልጋል። የዳይመንድ ቲ ዊንች 18 ቶን ያህል ይጎትታል። የብረት ገመዱን ታንኩ ላይ በታሰረ ፑሊ አዙራችሁ ጫፉን ከትልቅ ዛፍ ጋር ብታስሩት ታንኩ ወደ 36 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይሳባል፤ በፍጥነቱ ግማሽ እርግጥ። ጫፉን ወደ መኪናው ብትመልሱት ግን 36ቱን ቶን የሚችለው መኪናው ራሱ ነው፤ ታንኩ ሳይወጣ መኪናው ወደ ጭቃው ሊገባ ይችላል።

ጦርነት ሲያልቅ እነዚህ መኪኖች የት ገቡ? ብዙዎቹ በጨረታ ተሸጡ። የዌልስ ከተማ በሆነችው በኒውፖርት የነበረው የዊንስ አጓጓዥ ድርጅት ከአሜሪካ ጦር የተረፉ «ፓሲፊክ ኤም 26» ጎታቾችን ገዛ። ባለ 17.9 ሊትር የቤንዚን ሞተራቸው ነዳጅ ስለሚጨርስ አውጥቶ የናፍጣ ገጠመላቸው፣ አዲስ ጋቢና ሠራላቸው፣ ስምም አወጣላቸው። ከዚያ ለኃይል ማመንጫ የሚሆኑ ግዙፍ ትራንስፎርመሮችን በጠባብ የገጠር መንገድ ሲጎትቱ ኖሩ። በ1956 የስዊዝ ቀውስ ጊዜ ደግሞ የብሪታንያ ጦር የራሱ አመላላሽ አልበቃ ብሎት ታንኮቹን ወደ ወደብ ለማድረስ ፒክፎርድስ የተባለውን የሲቪል አጓጓዥ እስከ መከራየት ደረሰ።

ዛሬ እንዲህ ዓይነት መኪና ገዝቶ የሚያድስ ሰው ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። የቱ ዘመን ላይ ይመልሰው? አንድ ፓሲፊክ በ1944 ወታደር ነበር፤ በ1955 ሠራተኛ። የጦሩን ቀለም ቢቀባው የሠራተኛውን ዕድሜ ይሰርዛል፤ እንዳለ ቢተወው የፋብሪካው ሞተር የለም። በብየዳ የተጠገነ ስንጥቅ ጉድለት ነው ወይስ ማስረጃ? ይህ የታሪክ ተመራማሪዎች በብራና መጽሐፍና በሕንፃ ላይ የሚከራከሩበት ጥያቄ ራሱ ነው።

ሥራው በራሱም ትዕግሥት ይጠይቃል። ለዓመታት የቆመ ሞተር በቁልፍ አይነሣም፤ ዝገት የያዘው ፒስተን በኃይል ቢዞር ይሰበራል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ዘይት ተጨምሮ ቀናት ይጠበቃል፣ ከዚያ በእጅ ቀስ እያለ ይዞራል። ቡሎንም ሲጠፋ ከሱቅ አይገኝም፦ በድሮ የብሪታንያ መኪኖች የተለመደው የዊትወርዝ ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፣ የዛሬው ሜትሪክ 60፤ አይገጥሙም። ስለዚህ በቶርኖ ይቀረጻል። ከሁሉ አደገኛው ቸርኬው ነው። የብዙዎቹ ቸርኬ በቀለበት የሚያያዝ ተለያዪ ስለሆነ፣ ንፋሱ ሳይወጣ የፈታው ሰው ቀለበቱ እንደ ጥይት ሊመታው ይችላል። ልምድ ያለው ጎሚስታ ንፋስ የሚሞላው በብረት አጥር ውስጥ አድርጎ ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም ለአሮጌ ብረት?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን የአገራችንን ነገር አስባለሁ። በ1930ዎቹ ከፋሺስት ጣሊያን ጦር ጋር «ፊያት 634» የተባለ ከባድ የናፍጣ መኪና መጣ፤ አያቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት እሱ ነው፤ «ሠላሳ አራት» ማለት ነው። ወራሪው ሲባረር መኪኖቹ ቀሩ፤ የጦር መሣሪያ የጫነው ሻንሲ እህል ጫነ። ዛሬ አንዱን በመንገድ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ብረት ሲያረጅ ቁራሌው ይወስደዋል፤ ከዚያ እሳት ነው።

አንድ ነገር ግን አልቀለጠም፤ ቃሉ። ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ባሌስትራ፣ ቶርኖ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ ጣሊያንኛ ናቸው። የትኛውም የአገራችን ጋራዥ ውስጥ ብትገቡ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም ትሰማላችሁ። መኪናው ከጠፋ በኋላ ሙያው በአፍ ተረፈ።

በአፍ የተረፈ ነገር ግን ተናጋሪው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ሰፈራችሁ ውስጥ አሮጌ የጭነት መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ አዛውንት መካኒክ ካሉ፣ አንድ ከሰዓት ሂዱና ስልካችሁን ቅጂ ላይ አድርጋችሁ ጠይቋቸው፦ የመጀመሪያ መኪናዎ ምን ነበር? ምኑ ነበር ቶሎ የሚሰበረው? መለዋወጫ ሲጠፋ ምን ያደርጉ ነበር? 20 ቶን ብረት ለማዳን ሰፊ ግቢና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ይሄኛውን ለማዳን ግን ከሰዓቱ ይበቃል።