አባባ፣ ትንፋሽ ይያዙ

ዛሬ ከነገሥታቱ ወጣ ልበልና የልብ ታሪክ ላውጋችሁ።

ሰሞኑን አባቴን ከወረታ አዲስ አበባ ወስጄ የልቡ ደም ቅዳዎች በሲቲ ስካን ታዩ። መጀመሪያ የልብ ምት የሚያዘገይ ክኒን ሰጡት፤ ከዚያ «አባባ፣ ትንፋሽ ይያዙ» አሉት። ለምን እንደሆነ የነገረው የለም። ደንግጦ ተነፈሰ። ምስሉ ደብዝዞ «መደገም አለበት» ተባልን። ብሩስ? አታንሱት። አባቴ ሲወጣ «ሰው ትንፋሹን አቁሞ ይታከማል እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ልብን የሚመግቡት ደም ቅዳዎች ልቡ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ስፋታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ልብ ሲመታ አብረው ይወራጫሉ። አየር ስንስብ ደግሞ ድያፍራም ይወርድና ልብን ይዞት ይወርዳል። ጣና ላይ ታንኳ ያያችሁ ይገባችኋል፤ ቀዛፊው ሲገፋ ትነቀነቃለች፣ ማዕበሉ ደግሞ ለብቻው ከፍ ዝቅ ያደርጋታል። እስቲ ታንኳዋ ላይ ያለውን ወፍ ፎቶ አንሱ!

ለብዙ ዘመን ሐኪሞች እነዚህን ደም ቅዳዎች የሚያውቋቸው ከአስከሬን ነበር። አስከሬን ደግሞ አይንቀሳቀስም። እ.ኤ.አ. በ1929 ቨርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም በክንዱ ደም ስር ቀጭን ቱቦ እስከ ልቡ አስገብቶ፣ በእግሩ ራጅ ክፍል ሄዶ ተነሳ። እብድ ያሉት ነበሩ፤ በ1956 ኖቤል ተሸለመ።

ለእኔ የሚገርመኝ ግን የ1958ቱ ነው። አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ፣ ሜሰን ሶንስ አንድ በሽተኛ ሲመረምር ቱቦው ሳይታሰብ ቀኙ የልብ ደም ቅዳ ውስጥ ገብቶ ኖሮ ቀለሙ እዚያ ፈሰሰ። ልቡ ቆመ። ሶንስ «ሳል! ሳል!» ብሎ ጮኸ፤ ሰውየው ሳለ፣ ልቡም ተመለሰ። ከዚያ ስህተት ነው በሕይወት ያለ ሰው የልብ ደም ቅዳ ሲንቀሳቀስ በፊልም ማየት የተለመደው።

ፊልሙ ካለ መለካት ይቻላል። ደም ቅዳው ቅርንጫፍ የሚያወጣበትን ነጥብ ይዘው ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ተከተሉት፤ አብሮ የተቀዳው ኢሲጂ ደግሞ እያንዳንዱ ምስል በየትኛው የምት ደረጃ እንደተነሳ ይነግራል። ቀኙ ከግራው ይበልጥ እንደሚፈጥን ታወቀ። ድያፍራም 1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ልብ በአማካይ ግማሹን ያህል ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ ይወርዳል። ይሄ ከደም ቅዳው ስፋት አይተናነስም!

ልብ በደቂቃ 75 ጊዜ ሲመታ አንዱ ምት 0.8 ሰከንድ ነው። ልብ ረገብ የሚልባት ቅጽበት ደግሞ የዚያ ቁራጭ ናት፤ ማሽኑ የሚያነሳው እሷን አድብቶ ነው። ክኒኑ ያቺን ቅጽበት ያስረዝማታል፣ ትንፋሽ መያዙ ማዕበሉን ጸጥ ያደርጋል።

በእኛ አገር ዶ/ር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን የመሠረቱት በ1981 ዓ.ም. ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው ማዕከል እስኪከፈት ድረስ ብዙ ሕፃን ለቀዶ ሕክምና ባሕር ማዶ ይላክ ነበር። ከፎገራ አዲስ አበባ መሄድ ሩቅ ነው ስል ይሄን አስባለሁ።

የአባቴ ቀጠሮ ጥር ላይ ነው። ይሄን ሁሉ በታንኳዋ አስረዳሁት፤ «እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት!» አለ። አሁን ማታ ማታ ልጄ እየቆጠረችለት ትንፋሽ መያዝ ይለማመዳል። ትናንት 14 ደርሶ ሳቁ አመለጠው።