ገብረ ክርስቶስ ደስታ፤ ባለቅኔ፥ ሠዓሊና መምህር



ከባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰን ጠቢብ «ፈረንጅ ሆኖ መጣ» ብሎ መንቀፍ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ ነቀፌታ ካገኛቸው ሰዎች አንዱ አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ታሪካቸውን በአጭሩ እንመለከታለን።

አቶ ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ. ም. በሐረር ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ በብራና ላይ የሚጽፉና የሚሥሉ የቤተ ክህነት ሰው ስለ ነበሩ፥ ልጃቸው ጽሕፈትንና ሥዕልን ያዩት ከአንድ እጅ ነው። ካደጉም በኋላ በአዲስ አበባ የጀመሩትን የሳይንስ ትምህርት ትተው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዱና በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ አጠኑ። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ሀገሬ» የተባለው ግጥማቸው የተጻፈው በዚያ በተማሪነታቸው ዘመን ነው።

በ1962 ተመልሰው፥ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ አሳዩ፤ «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕልም የሣሉት በዚያው ዓመት ነው። ነገር ግን የሰውና የዕቃ መልክ ቀርቶ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሚናገርበት አሣሣል ለከተማው እንግዳ ስለ ነበረ፥ «ይህ የእኛ አይደለም» ያሉ አልጠፉም። በግጥምም ቢሆን የተለመደውን የስንኝ ምጣኔ አልፈው አዲስ ስልት ይሞክሩ ነበር። ሆኖም በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበሉ።

ከ1966 ዓ. ም. አብዮት በኋላ ግን አገራቸውን ጥለው ለመሰደድ ተገደዱ። አስቀድመው ወደ ጀርመን፥ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1973 ዓ. ም. ኦክላሆማ ውስጥ ሎውተን በምትባል ከተማ ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት አልሞላም ነበር።

ግጥሞቻቸው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ የታተሙት በ1998 ዓ. ም.፥ ማለት ከሞታቸው ሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ፤ በጀርመን ቀርተው ከነበሩት ሥዕሎቻቸውም ወደዚያ የተመለሱ አሉ።

እንግዲህ ሥዕሎቹ ሲመለሱ ሠዓሊው በሰው አገር አፈር ቀርተዋል። «ፈረንጅ» የተባሉት ሰው ስለ አገር ናፍቆት የጻፉትን ግጥም ግን ዛሬ ከአገሩ የራቀ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እንደ ራሱ ቃል ይዞታል። ስለዚህ አንድ ጠቢብ የማን ልጅ እንደ ሆነ ለመፍረድ፥ ብሩሹን ከየት እንዳመጣው ከመጠየቅ አስቀድሞ ልቡ ያለበትን መመርመር ይገባል። የሚገባውንም ምስጋና በሕይወት ሳለ ብናቀርብለት ለእርሱም ለእኛም ይበጃል።