ከመድፉ ይልቅ መንገዱ

ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ያልሰማ የለም። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው ቆሟል፤ ዋናው እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የሚነገረን ስለ ክብደቱ ነው፤ 70 ኩንታል ገደማ። እስኪ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ያ ሁሉ ክብደት ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በምን ላይ ሄዶ ነው?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለዋድላ ሰዎች ሩቅ አይደለም። መንገዱ ያለፈው በኛው አገር፣ በቤተ ሆር በኩል ወደ ጅጣ ገደል ወርዶ ነው። እኔ ኮን የማስተምር መምህር ነኝ። ተማሪዎቻችን በመጽሐፋቸው ላይ «የምህንድስና ንድፍ ሂደት» የሚል ነገር ይማራሉ፤ ችግሩን ለይ፣ መፍትሔ አስብ፣ ሠርተህ ሞክር፣ ካልሆነ አሻሽለህ ድገም። ምሳሌው ሁሉ ግን የሩቅ አገር ነው። ዛሬ የቅርቡን ልንገራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ጋፋት ላይ ነው፤ ደብረ ታቦር አጠገብ። አጼ ቴዎድሮስ እነ ዋልድማየርን፣ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያንን፣ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ምድጃው ተሻሽሎ፣ ደግመው ደጋግመው ሞክረው ነው የተሳካላቸው። የአገራችን ልጆችም በሥራው አብረዋቸው ነበሩ። ንጉሡ በዚህ ብቻ አልረኩም፤ ከእንግሊዝ አገርም ባለሙያና መሣሪያ ጠየቁ። ባለሙያዎቹ እስከ ምጽዋ መጥተው ነበር፤ ግን በመቅደላ እስረኞች ጉዳይ ስምምነት ስለጠፋ ሳይገቡ ተመለሱ።

ከዚያ ዋናው ፈተና መጣ። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፎቹ በጋሪ ላይ ናቸው። አገሩ ደግሞ የጋሪ መንገድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያለው የበቅሎና የአህያ መንገድ ነው። እግረኛ ገደሉን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ 70 ኩንታል የጫነ ጋሪ ግን ቀጥ ብሎ ከወረደ የሚያቆመው የለም። ስለዚህ ገደሉን እያጠማዘዙ፣ ቁልቁለቱን እያለዘቡ፣ አለቱን በባሩድ እየሰበሩ፣ ጎድጓዳውን በድንጋይ እየሞሉ መሄድ ግድ ሆነ። ትልቁን መድፍ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ ነው ያሻገረው። መቅደላ ታስሮ የነበረው ሐኪም ብላንክ እንደጻፈው፣ ንጉሡ ራሳቸው ከማለዳ እስከ ምሽት በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ፣ መሬት ይደለድሉ ነበር።

ጅጣን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከዋድላ ደጋ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ወንዙን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ወደ ደላንታ መውጣት፤ ከዚያ ደግሞ በሽሎ! ይህን ሁሉ አልፈው መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። ስድስት ወር ገደማ መሆኑ ነው።

በዚያው ሰሞን ጄኔራል ናፒየር ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ እየመጣ ነበር፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ። ጥያቄው ያው ነው፦ በዚህ ተራራ ላይ መድፍ እንዴት ይሄዳል? መልሱ ግን ሌላ ነበር። ትናንሾቹን የተራራ መድፎች ፈታትቶ በበቅሎ ጫናቸው። ከበድ ያሉትን ከህንድ ባስመጣቸው 44 ዝሆኖች ላይ አደረገ። አንዱ መሬቱን ለመድፉ አመቻቸ፤ ሌላው መድፉን ለመሬቱ።

የሚገርመው የሚቀጥለው ነው። ናፒየር በላስታ በኩል ወደ ዋድላ ደጋ ወጥቶ ቤተ ሆር ሲደርስ የጅጣን ገደል የወረደው በማን መንገድ መሰላችሁ? በቴዎድሮስ መንገድ! ንጉሡ ለመድፋቸው የቆፈሩት ለጠላታቸው ዝሆን ተመቸ። እንግሊዞቹም የመንገዱን አሠራር አድንቀው ጽፈዋል። ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ውጊያው ሲሆን ሴባስቶፖል ውጤቱን አልለወጠም። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ እጅ አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ሠዉ።

እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። ያ መንገድ ሲቀየስ ገበሬው ምን ያስፈልገዋል ተብሎ ተጠይቆ ነበር ወይ? ጨው ነጋዴውስ? ገበያ የምትወርደውስ ሴት? አልተጠየቀም። የንጉሡ ጦር በሄደበት ሁሉ የሚበላው የገበሬውን እህልና ከብት ነበር። ናፒየር ደግሞ ለእህሉም ለገለባውም በማርትሬዛ ብር ይከፍል ነበር። አዝኖልን አይደለም፤ ሠራዊቱ እንዳይራብ አስቦበት ነው። ሕዝቡ ለሚከፍለው ሸጠ። ይህን «ክህደት» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔ ግን እላለሁ፦ ጎተራው የተራቆተበት ሰው በመንገዱ ጥራት አይኮራም።

ሁለተኛው ቁጭቴ ጋፋት ነው። እነ ዋልድማየር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ምድጃው ቀዘቀዘ። የንጉሡ ሕልም ትልቅ ነበር፤ ግን በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነበርና ከሳቸው ጋር ወደቀ። መድፍ ማፍሰስ የቻለ እጅ ማረሻም ምጣድም ማሻሻል በቻለ ነበር። መንገዱንም በየክረምቱ የሚጠግነው አልተገኘም፤ ጎርፍ ወሰደው።

አባቶቻችን አይችሉም ነበር የሚል ካለ ጅጣን ይውረድና ይይ። ይችሉ ነበር። የጎደለው ሦስት ጥያቄ ነው፦ ለማን ነው የምንሠራው? ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? እኛ ስናልፍ ማን ይጠግነዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬም ያስፈልጉናል። ቦኖ ውኃ ተተክሎ በአንዲት ጎማ ምክንያት ዓመት የሚቆመው፣ ወፍጮ መጥቶ መለዋወጫ የሚታጣው፣ ኮምፒውተር ትምህርት ቤት ገብቶ በካርቶኑ የሚያረጀው እነሱ ሳይጠየቁ ሲቀሩ ነው።

የቤተ ሆርና የጅጣ አካባቢ ልጆች፣ አንድ አደራ አለኝ። አያቶቻችሁን «የቴዎድሮስ መንገድ የቱ ጋ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ቦታውን የሚያሳያችሁ ካገኛችሁ ፎቶ አንሡና እዚህ ሥር ለጥፉልኝ። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉብን በፊት እንሰብስበው።

ቸር ያሰማን።