አስጠኚ ፍለጋ፦ ከሾንኬ ደረሳ እስከ ከሚሴ የኮምፒዩተር ተማሪ

መግቢያ

ተማሪ መምህሩን ፍለጋ ከቤቱ ርቆ የሚሄድበት ልማድ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር የሚፈለገው የትምህርት ዓይነት፣ ለትምህርቱ የሚያስፈልገው መሣሪያና ለአስጠኚው የሚከፈለው ዋጋ ነው። ዛሬ በከሚሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ልጅ ያለው ወላጅ፣ ልጁ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ሲከብደው የሚያስጠናለትን ሰው ይፈልጋል። ይህ ፍለጋ የአንድ ቤተሰብ የግል ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ፍለጋው ከምን እንደሚመነጭ ሲመረመር ጉዳዩ የመደበኛው ትምህርት አደረጃጀት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በተለይም በከሚሴና በአካባቢው፣ የአስጠኚን ፍለጋ ታሪካዊ አመጣጥ ባጭሩ መቃኘት፣ ቀጥሎም ከዚህ ታሪክ ለዛሬው የኮምፒዩተር ትምህርት የሚጠቅም ምን እንዳለ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ማመልከት ነው።

1. የቀድሞው ልማድ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ወንዝና በጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ከከተማይቱ ብዙ በማይርቅ ተራራ ላይ በድንጋይ ቤቶቿ የምትታወቀው የሾንኬ መንደር ትገኛለች። ሾንኬ በ19ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ እንደ ሸህ ጀውሃር ቢን ሐይደር ባሉ ሊቃውንት ምክንያት የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆና ቆይታለች። ከዚያም በፊት በ18ኛው ምእተ ዓመት ሰይድ ሙሐመድ ሻፊ በጀማ ንጉሥ ያቋቋሙት ማዕከል በመላው ወሎ ስሙ የታወቀ ነበር።

በእነዚህ ማዕከሎች የነበረው ሥርዓት ለዛሬ መምህር ትምህርት ሰጪ ነው። ደረሳው ትምህርቱን ሁሉ ከአንድ ሸህ አይቀበልም ነበር። ፊቅህ ከአንዱ፣ ነህውና ሰርፍ ከሌላው ለመማር ስንቁን ይዞ ከመንደር ወደ መንደር ይጓዝ ነበር። ኪታቡ የተጻፈው በዓረብኛ ሲሆን፣ ማብራሪያው ግን ተማሪው በሚሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይሰጥ ነበር። በትምህርቱ የገፋው ደረሳ ደግሞ ጀማሪውን ያስጠና ነበር። በዚህ ዓይነት አንድ ሸህ ብዙ ተማሪ ለመያዝ ይችላል፤ የሚያስጠናውም ደረሳ በማስተማሩ የራሱን ዕውቀት ያጸናል።

ይህ አሠራር የወሎ እስልምና ትምህርት ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችም የቆሎ ተማሪው ዜማ ለመማር ወደ አንዱ፣ ቅኔ ለመቀኘት ወደ ሌላው ደብር ይሄድ ነበር። በቅኔ ቤት አስነጋሪው ከመሪጌታው በታች ሆኖ ታናናሾቹን ያግዝ ነበር። እንግዲህ በሁለቱም ሥርዓቶች ውስጥ ማስጠናት የትምህርቱ አካል ነበር እንጂ ከትምህርቱ ውጭ በገንዘብ የሚገዛ ተጨማሪ አገልግሎት አልነበረም።

2. ዘመናዊው ትምህርትና አስጠኚው

ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲስፋፋ፣ ትምህርቱ በክፍልና በሰዓት ተከፋፈለ፤ ፈተናም የማለፍና የመውደቅ መለኪያ ሆነ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳልፈው በር ጠባብ በመሆኑ፣ አቅም ያለው ወላጅ ለልጁ አስጠኚ መቅጠር ጀመረ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ማስጠናታቸው የኋላ ኋላ የታወቀ መተዳደሪያ ሆኗል።

ከዚሁ ጎን ለጎን ዕውቀት ያለ ክፍያ ወደ ገጠር የሄደባቸው ወቅቶችም ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች አንድ ዓመት በክፍላተ ሀገር እንዲያገለግሉ ያስገድድ ስለነበር፣ ብዙዎቹ በየአውራጃው መምህራን ሆነው ሠርተዋል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ ማንበብ የሚችለው የማይችለውን እንዲያስተምር በማድረግ ላይ የተመሠረተ ነበር። የእነዚህ ዘመቻዎች ፖለቲካዊ ገጽታ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ግን፣ አስጠኚ በማይገኝበት አካባቢ አስጠኚን በዕቅድ ማሰማራት እንደሚቻል ያሳዩ መሆናቸው ነው።

3. ኮምፒዩተር ወደ ክፍል ሲገባ

ኮምፒዩተር በአገራችን ለረጅም ጊዜ የጥቂት መሥሪያ ቤቶች መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ብሔራዊ የኮምፒዩተር ማዕከል ተቋቋመ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ወደ ብዙ ክፍሎች ገባ። ሆኖም ተማሪው መሣሪያውን ከሩቅ ይመለከት ነበር እንጂ በእጁ አልነካውም። ኮምፒዩተር ራሱን የቻለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሆኖ በሰፊው የተሰጠው በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ነው።

ነገር ግን ይህ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ዓይነቶች መካከል ባለመግባቱ፣ በብዙ ዘንድ እንደ ተጨማሪ ትምህርት ታየ። ተማሪውም ወላጁም ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን ለሒሳብና ለፊዚክስ አዋሉ። ሁኔታው የተለወጠው በቅርብ ዓመታት ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የመልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ፣ የአስጠኚ ፍለጋ የሚጠነክርበት ምክንያት ግልጽ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒዩተር እንዲፈተኑ ተደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮዲንግ ክህሎት ለማስጨበጥ ያለመ አገር አቀፍ መርሐ ግብር ይፋ ሆነ። ከዚህ በኋላ የመዳፊትና የቁልፍ ሰሌዳ አያያዝ ያላወቀ ተማሪ የሚጎዳው በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አይሆንም፤ የሚያውቀውን ሒሳብና ታሪክ እንኳ በሚገባ ሳይመልስ ሊቀር ይችላል።

4. የከሚሴ ተማሪ የሚጎድለው ምንድን ነው?

አስጠኚ የሚፈለገው አንድ ነገር ሲጎድል ነው። በከሚሴና በአካባቢው የጎደለው ሦስት ነገር ነው ለማለት ይቻላል።

አንደኛው ቋንቋ ነው። በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ሲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ግን የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። የኮምፒዩተር መጽሐፍ ደግሞ በባዕድ ቃላት የተሞላ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከበደኝ የሚለው አሳቡ ራሱ ከብዶት ሳይሆን ቃሉ ተሰውሮበት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መሣሪያ ነው። ኮምፒዩተርን ያለ ኮምፒዩተር ማስጠናት ዋናን በደረቅ መሬት ላይ እንደ ማስተማር ነው። በቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ልጅ፣ አስጠኚ ቢገኝለትም የሚለማመድበት አያገኝም። ከሚሴን በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደረሰባት ጦርነት፣ ኋላም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ለብዙ ወራት የኢንተርኔት አገልግሎት መቋረጡ፣ ይህን ጉድለት አባብሶታል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ብዙ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል አንድ መምህር እያንዳንዱ ልጅ የተሳሳተበትን ትእዛዝ ተመልክቶ ሊያርም አይችልም። የመርሐ ግብር ጽሕፈት ማለትም ፕሮግራሚንግ ግን አንዲት ነጥብ ስትጎድል ሁሉ የሚቆምበት ሥራ ነው። ስለሆነም ከሌላው ትምህርት ይልቅ አጠገብ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

5. አስጠኚን ስለ መምረጥ

በአነስተኛ ከተማ አስጠኚ ሊሆን የሚችለው ሰው ከአራት ቦታ ይገኛል፤ ይኸውም ከትምህርት ቤቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህራን፣ ከቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችና ተመራቂዎች፣ በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤቶች ከሚሠሩ ወጣቶች፣ ከከሚሴ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከሚማሩና ለዕረፍት ከሚመለሱ ተማሪዎች መካከል ነው።

ወላጅ ምርጫውን ሲያደርግ መምህሩ ሊመክረው ይገባል። በጽሕፈት ቤት የሚሠራው ወጣት ፈጣን ጸሐፊ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መጻፍ መቻልና መርሐ ግብር መንደፍ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ልጁ የጎደለው የእጅ ልምድ ከሆነ ይህ ወጣት ይበቃዋል። የጎደለው የአሳብ ቅንብር ከሆነ ግን ሌላ ሰው መፈለግ ያሻል። ለመለየት የሚረዳው መንገድ ቀላል ነው፦ አስጠኚው አንድን ችግር ያለ ኮምፒዩተር፣ በወረቀት ላይ፣ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ደረጃ በደረጃ እንዲያስረዳ መጠየቅ ነው።

ለምሳሌ ያህል የዘካ ስሌት ይወሰድ። ንብረቱ ከኒሳብ ደርሷልን? ካልደረሰ ዘካ የለበትም። ከደረሰ፣ ዓመት ሞልቶታልን? ካልሞላው ይቆያል። ከሞላው፣ የገንዘቡ ዘካ ከመቶ ሁለት ተኩል ነው። ይህን በሒደት ሥዕል አስፍሮ ልጁ ራሱ በተለያየ መጠን እንዲፈትነው የሚያደርግ አስጠኚ ማስተማር ያውቃል። መልሱን ጽፎ ገልብጥ የሚል አስጠኚ ግን የሚሸጠው የቤት ሥራ ነው።

ይህ ምሳሌ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በኮምፒዩተር ትምህርት አልጎሪዝም የሚባለው ቃል የመጣው በ9ኛው ምእተ ዓመት በባግዳድ ከሠራው ከአል ኸዋሪዝሚ ስም ነው። ይህ ሊቅ ስለ አልጀብራ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዘው የውርስ ክፍፍል ስሌት ነው። ፈራኢድ የተማረ ደረሳ ድርሻን በሕግና በቅደም ተከተል ሲያሰላ የሚያደርገውም ከዚህ የራቀ አይደለም። እንግዲህ የከሚሴ ልጅ ወደዚህ ትምህርት ሲገባ ወደ ፍጹም ባዕድ አገር እንዳልገባ መምህሩ ሊያስታውሰው ይችላል።

6. የክፍያው ጉዳይና የሌሎች አገሮች ልምድ

አስጠኚ በገንዘብ ሲገኝ ገንዘብ የሌለው ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚህም የሚብሰው፣ መምህር በክፍል ያስተማራቸውን ልጆች ማታ በክፍያ የሚያስጠና ሲሆን ነው። በክፍል ሊሰጥ የሚገባው ለማታ ሊቆይ ይችላልና። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ይህን አስቦ እ.ኤ.አ. በ1980 የግል ማስጠናትን ቢከለክልም፣ ሥራው በስውር ቀጠለ፤ ክልከላውንም የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2000 ሻረው። ቻይናም በ2021 ከትምህርት ሰዓት ውጭ በትርፍ የሚሰጥ ማስጠናትን በጥብቅ ገድባለች። ከኮሪያ ልምድ የምንረዳው፣ ፈተናው ጠባብ በር ሆኖ እስከ ቀጠለና ትምህርት ቤቱ ጉድለቱን እስካልሞላ ድረስ በክልከላ ብቻ ፍለጋውን ማስቀረት እንደማይቻል ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ በመነሣት ሦስት አሳቦችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ የትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ከመደበኛው ሰዓት ውጭና ቅዳሜ ቢከፈት፣ መሣሪያ በቤቱ የሌለው ልጅ ከባለ መሣሪያው ጋር ይቀራረባል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንጻ ሳይሆን ቁልፍ የሚይዝ ኃላፊና መጠነኛ አበል ነው።

ሁለተኛ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የ9ኛ ክፍል ጀማሪዎችን እንዲያስጠኑ ቢደረግ፣ የጥንቱ የደረሳ ሥርዓት በአዲስ መልክ ይመለሳል። ታላቁ ታናሹን በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ሲያስረዳው የቋንቋው ችግርም ይቃለላል።

ሦስተኛ፣ በክረምት ወደ ቤታቸው የሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች አማካይነት ተመዝግበው ቢሰማሩ፣ በባቲም በጨፋም ያለ ልጅ አስጠኚ ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ደሴ መሄድ አያስፈልገውም።

የሾንኬው ደረሳ መምህር ፍለጋ ተራራ ሲወጣ ያገሬው ሰው ያበላው ነበር፤ ዕውቀቱ የአካባቢው ሁሉ ሀብት እንደሚሆን ይታመን ነበርና። ዛሬ የከሚሴው ተማሪ አስጠኚ ፍለጋ ሲወጣ ወጪውን የሚሸከመው አባቱ ብቻ ነው። ያ የአባት አቅም የልጁን ዕድል እንዳይወስን ማድረግ የመምህሩና የዕቅድ አውጪው ተግባር ነው።